ለታገደ መጋቢ መሸኛ ሲጠየቅ ምን ይጻፋል? "ይመለስ" ከተባለስ ወዴት ነው የሚመለሰው?

ድልድይ ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም፤ እዚህ ግን ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው ሕዝብ 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። አጥቢያዎቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ። ፋሲሎ ያለ መጋቢ ቢታገድ ሽምብጥ ያሉት መዘምራን በማግስቱ ይሰማሉ፤ ጎረቤቱና እድርተኛው ደግሞ ከእነርሱም ቀድመው።

የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች በዝግ ስብሰባ ያግዱታል። ለምዕመናን "መጋቢያችን ዕረፍት ላይ ነው" ይባላል። ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ከሌላ ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን "መሸኛ ላኩልን" ትላለች። ደብዳቤው "ከዚህ እስከዚህ በታማኝነት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ ለቋል" ይላል። ማኅተም ይመታበትና ይላካል።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ይመለስ ወይ? ከተመለሰ በስንት ጊዜና በምን ደረጃ? መሸኛው ላይስ ምን ይጻፋል? የሰው ስምና "እኛ ጋ እንዲህ ሆኖ" የሚል ወሬ አታምጡ፤ አሠራሩን ብቻ እንነጋገር።

ቁርጥ ያለ

አይመለስም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 መጋቢ የማይነቀፍ ይሁን ይላል፤ ቁጥር 7 ደግሞ በውጭ ካሉት ዘንድ መልካም ምስክር ይፈልግበታል። ባሕር ዳር ላይ "በውጭ ያሉት" ማለት ከተማው በሙሉ ነው። ምሳሌ 6፥32-33 የአመንዝራ ነውር እንደማይደመሰስ ይናገራል። ጳውሎስም ለሌሎች ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሰውነቱን ይጎስም ነበር፤ መመለሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ምን ያስፈራው ነበር? ይቅርታ ይደረግለት፣ አዎ። መድረክ ግን የይቅርታ ምርቃት አይደለም።

ምሕረት ይብዛ

ወንድሜ፣ አሮንን የት ልትጥለው ነው? ዘጸአት 32 ላይ ጥጃውን ያቀለጠው እጅ ዘሌዋውያን 8 ላይ በዘይት ተቀብቷል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው በበዓለ ኀምሳ ቆሞ ሰበከ። ማርቆስን ጳውሎስ አልወስድም ብሎ ከበርናባስ ተለያየበት፤ ኋላ "ለአገልግሎት ይጠቅመኛል" ብሎ አስመጣው። ገላትያ 6፥1 በበደል የተገኘውን በየውሃት መንፈስ አቅኑት ይላል፤ አስወጡት አይልም። እኛ አገር በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንድ ጊዜ የወደቀውን ዕድሜ ልኩን ከጣልነው፣ ነገ የሚወድቀው መናዘዙን ትቶ መደበቂያውን ያሰናዳል።

ተመልካች

አሜን ምሕረት ይብዛ 🙏

የሥነ ሥርዓት ፋይል

ሁለታችሁም ጥቅስ አላጣችሁም። የጠራችኋቸው ሰዎች ግን ከጉዳዩ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። ማርቆስ ጉዞ አቋረጠ እንጂ አደራ የተሰጠውን ሰው አልበደለም። ጴጥሮስ በፍርሃት ካደ፤ ምክር ፍለጋ የመጣች ምዕመን አላጠመደም። የአሮን ምሳሌ ጠንካራ ነው፣ እቀበላለሁ። ከእርሱ ጎን ግን ሕዝቅኤል 44፥10-14 ይነበብ፤ ከእግዚአብሔር የራቁት ሌዋውያን የቤቱን በር ይጠብቃሉ፣ የሚቃጠለውን መሥዋዕት ያርዳሉ፣ ሕዝቡን ያገለግላሉ፤ ለክህነት ግን አይቀርቡም። ስለ ሽማግሌ ጥፋት በቀጥታ የሚናገረው ክፍል ደግሞ 1ኛ ጢሞ. 5፥19-22 ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር፣ በሁሉ ፊት ተግሣጽ፣ ያለ አድልዎ፣ ከዚያም "በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን"። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እኛ እጅ መጫኑን እናስቀድምና ምስክሩን ኋላ እንፈልጋለን።

"ወደቀ" የምንለውም አንድ ነገር አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ካለች ሴት ጋር ያመነዘረና ለምክር የመጣችውን ወይም ቢሮ ውስጥ የምትሠራውን የተጠቀመ አንድ ፋይል ውስጥ አይገቡም። የኋለኛው በሥልጣን መበደል ነው፤ በእኔ ሚዛን ወደ እረኝነት መመለሻ የለውም። በልጅ ላይ የተፈጸመ ከሆነ የሽማግሌ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ገንዘብ ያጎደለ ንስሐው እውነት ከሆነ ይከፍላል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው ያለው። በስልክ ርኩስ ነገር የሚያይ፣ የሚጠጣ፣ ሚስቱን የሚመታ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ሚስቱን የሚመታውን "የቤት ጉዳይ" ብሎ ማለፍ የኛ የቆየ በሽታ ነው፤ 1ኛ ጢሞ. 3፥3 "የማይማታ" የሚለውን ማን እንደሰረዘው አይገባኝም።

አሠራሩ ይህ ቢሆን፦ ክስ ሲመጣ በጽሑፍ ተይዞ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። በዚያው ሳምንት መጋቢው ደመወዙ ሳይቋረጥ ከመድረክ፣ ከምክር አገልግሎትና ከፊርማ ይነሳ፤ ይህ ፍርድ ሳይሆን ጥንቃቄ መሆኑ በደብዳቤ ይነገረው። መርማሪ ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ አንዷ ሴት፣ ሦስቱም የሥጋ ዘመዱ ወይም ሚዜው ያልሆኑ። ከሳሽና ተከሳሽ በየተራ ለብቻ ይሰሙ፤ ፊት ለፊት ማገናኘት ክልክል ነው። ጥያቄዎቹ አጭር ናቸው። ከመቼ ጀምሮ? ከስንት ሰው ጋር? በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ወይም ቢሮ ተጠቅመሃል? ማን ያውቃል? ራስህ መጣህ ወይስ ተያዝህ?

ሙሉውን እንዲናገር 30 ቀን ይሰጠው። የተናገረው ተጽፎ ይፈርምበት፤ ሥሩ ላይ "የደበቅሁት ቢገኝ ጊዜው ከዜሮ ይጀምራል" የሚል ይግባ። በጣም የሚያስቸግረው በቁንጣሪ መናዘዝ ነው። የታወቀውን ብቻ ያምናል፣ ሲገለጥ ይጨምራል፣ በሦስተኛው ላይ ሚስቱ ትወድቃለች።

ደንገል

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ከደጅ ሆኜ አንድ ነገር ልበል። እናንተ "ይመለስ፣ አይመለስ" ብላችሁ የምትከራከሩት ሁለት ቦታ ብቻ ስላላችሁ ይመስለኛል፤ መድረክና አግዳሚ ወንበር።

እኛ ዘንድ የሐዋርያት በሚባሉት ቀኖናዎች ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን በዝሙት፣ በሐሰት መሐላ ወይም በስርቆት ቢገኝ ከሹመቱ ይሻራል፤ ከምእመናን ግን አይለይም። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ ስለ አንድ በደል ሁለት ጊዜ አይቀጣም። ቄስ ሚስቱ ሞታ ሁለተኛ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ንስሐ ገብቶ በቀኖናው ሥጋ ወደሙ ይቀበላል፤ ቀድሶ ግን አያቆርብም። ከቅዳሴ ወጣ ማለት ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ማለት አይደለም። ዜማና ቅኔ የሚያውቅ ከሆነ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ይቆማል፣ መቋሚያና ጸናጽል ይይዛል፣ ተማሪ ያስተምራል። ከደብተራዎቻችን ስንቱ በዚህ መንገድ የመጣ መሰላችሁ?

ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ክቡ ውስጥ መቅደስ፣ ቅድስት፣ ቅኔ ማኅሌት። መቅደስ የማይገባ ሰው ደጅ ላይ አይጣልም። የናንተ ጸሎት ቤት አንድ አዳራሽ ስለሆነ የፈረሰውን የት እንደምታቆሙት ጨነቃችሁ።

የባሕር ዳር ሕዝብ ደግሞ "ቄሱ ፈረሰ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። የፈረሰ ሰው ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ሲያቆርብ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ የናንተ መጋቢ በስድስት ወሩ ማይክ ሲይዝ ጎረቤት የሚለውን አትፍረዱበት።

ምሕረት ይብዛ

ወንድም ደንገል፣ ከአክብሮት ጋር፣ እኛ መጋቢን እንደ መሥዋዕት አቅራቢ ካህን አናየውም። አማኝ ሁሉ ካህን ነው። የክህነት ቀኖና ለመጋቢ አይሆንም።

ደንገል

ይሁን፣ በሥርዓተ ክህነቱ አልከራከርህም። ቀኖናው የያዘው ሐሳብ ግን ላንተም ይሠራል፤ ሰውየውን ከሥራው መለየት። አንተ ይቅርታውን ከመድረኩ ጋር አንድ ላይ ስለምታስረው፣ መድረኩ ሲከለከል ይቅርታውም የተከለከለ ይመስልሃል።

ቁርጥ ያለ

ይኸው፣ ኦርቶዶክሱ እንኳ ከኔ ጋር ነው 😄

አወያይ

በእምነቶች መካከል ነጥብ መቁጠር እዚህ የለም። ቀጥሉ።

ቤዛዊት

የምክር አገልግሎት ላይ ያለሁ ነኝ። እስካሁን ስለ መጋቢው ብቻ ነው የተወራው፤ ስለ ሴቲቱ አንድ አንቀጽ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ሽማግሌዎች "ዕርቅ" ብለው ሁለቱን አንድ ክፍል ሲያስቀምጧቸው ነው። እርሱ ያለቅሳል፣ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ "ይቅር በይው እህታችን" ትባላለች። እምቢ ብትል መራራ፣ እሺ ብትል ነገሩ ያለቀ። ይህ ይቅርታ ሳይሆን ምስክር ማፈን ነው። ይቅር ማለቷ ለምርመራው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ፋይሉም በእርሷ ቃል አይዘጋም።

መደረግ ያለበት፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሽማግሌዎቹ ሚስቶች ያልሆነች አንዲት ሴት ትመደብላት። ምክር ከፈለገች የሚከፍለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሱ ለሚላክበት ምክር በጀት ተይዞ ለእርሷ ጸሎት ብቻ መያዙ ነውር ነው። ለምዕመናን በሚነበበው ላይ ስሟም፣ ሰፈሯም፣ ትዘምርበት የነበረው ቡድንም አይጠቀስ። በትንሽ አጥቢያ "ከመዘምራን አንዷ" ማለት ስሟን መጥራት ነው። ውሳኔ ሲሰጥ ቀድሞ ይነገራት፤ ዓመት ቆይቶ "ይመለስ" የሚል ሐሳብ ቢመጣም እንዲሁ። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ መድረክ ላይ ድንገት እንዳታየው።

የመጋቢውን ሚስትም አትርሱ። "ጸልዪለት፣ ሸፍኚው፣ ቤትሽን አታፍርሺ" እየተባለች የተሐድሶው ጠባቂ ትደረጋለች። እርሷን ለብቻዋ የምትጠይቅ ሴት ያስፈልጋል፤ የምትሰጠው ቃል ለእርሱ አይነገርም። ትዳሩ ቢፈርስም ቢቆምም የአገልግሎቱ ውሳኔ በእርሷ ትከሻ ላይ አይጫን። "ሚስቱ ይቅር ብላዋለች፣ እናንተ ምን አገባችሁ" የሚለው ክርክር ምንም አያስረዳም።

የሥነ ሥርዓት ፋይል

ቤዛዊት ያለችውን ሁሉ አጸድቃለሁ። ለምዕመናን የሚነበበው አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። "መጋቢ እገሌ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከአገልግሎት ሁሉ ታግዷል። ምክንያቱ የተረጋገጠና እርሱም ያመነው የሥነ ምግባር ጥፋት ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ ነገር የሚያውቅ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ይንገር። ለሁሉም ቤተሰብ ጸልዩ።" ለአባላት ብቻ በተጠራ ስብሰባ ይነበብ፤ ፌስቡክ ላይ አይወጣ፤ አይቀረጽ። ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር፤ ሌላ የተጎዳች ካለች በሩ የሚከፈትላት በእርሷ ነው።

ገንዘብ ያዥ

ማንም ስለማያነሳው እኔ ላንሳው፤ ቤቱስ?

ብዙ መጋቢ የሚኖረው ቤተ ክርስቲያን በምትከራይለት ወይም ግቢዋ ውስጥ ባለ ቤት ነው። መናዘዝ ማለት በአንድ ቀን ደመወዝም፣ ቤትም፣ የልጆች ትምህርት ቤትም ማጣት ከሆነ ማን ይናዘዛል? ሽማግሌውም ይህን ስለሚያውቅ ሆዱ ይባባና "ቶሎ እንመልሰው" ይላል። ቶሎ መመለሱን ምሕረት እንለዋለን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሰውየው የሚበላው ስለሌለው ነው።

ሰሎሞን አብያታርን ከክህነት ሲያወርደው ወደ ዓናቶት፣ ወደ እርሻው ሰደደው (1ኛ ነገ. 2፥26)። ሹመቱን ወሰደ፣ እርሻውን ተወለት።

ቁጥር ላስቀምጥ። ደመወዙ 9,000 ብር ነው እንበል። ስድስት ወር ሙሉ 54,000፣ ቀጥሎ ሦስት ወር ግማሽ 13,500፤ ድምሩ 67,500 ብር። 120 አባል ላላት አጥቢያ በሰው 562 ብር ከ50 ሣንቲም፣ ዘጠኝ ወር ላይ ሲከፈል በወር 62 ብር ከ50። የቤት ኪራይ ለብቻው ይያዝ። ክፍያው በመጋቢውና በሚስቱ የጋራ ሂሳብ ይግባ። ከስድስተኛው ወር በፊት ሌላ ሥራ እንዲጀምር ይታገዝ፤ ማስተማር፣ ንግድ፣ የሚችለውን። በሰው ቤት ሠርቶ የሚበላ መጋቢ ከመድረክ መራቁን ይችለዋል። መድረኩ ብቸኛ እንጀራው ከሆነ ንስሐውና ረሃቡ ይደባለቁብሃል፤ የትኛው እንደሚያናግረው አታውቅም።

ሌላው የሚረሳው ርክክብ ነው። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የአባላት መዝገብ፣ የባንክ ፊርማ። ባንኩ የሽማግሌዎችን ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ፊርማ አይቀየርም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ይጻፍ። የቴሌግራም ቡድኑንና የዩቲዩብ ቻናሉን ባለቤትነት ማየት ደግሞ ግዴታ ነው። ቻናሉ በግል ስልኩ ቁጥር ከተከፈተ፣ ከመድረክ ያገዳችሁት ሰው ማክሰኞ ማታ ከቤቱ በቀጥታ ስርጭት ይሰብክላችኋል።

ተመልካች

እሺ በኃጢአት እያለ ጣና ላይ ያጠመቃቸውስ? እንደገና ይጠመቁ? ያጋባቸው፣ እጅ የጫነባቸው?

ደንገል

አይጠመቁም። ይህ ጥያቄ በሰሜን አፍሪካ ከዶናቶስ ወገኖች ጋር፣ የበደለ ካህን የፈጸመው ሥርዓት አይጸናም ከሚሉት ጋር፣ ተነሥቶ ነበር። በስደት ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጅ አሳልፈው የሰጡ ካህናት የፈጸሙት ይጸናል ወይ ተባለ። በ314 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዛሬዋ ፈረንሳይ አርል ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ አሳልፎ መስጠቱ በወሬ ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ የተረጋገጠበት ካህን ይሻር፣ እርሱ የሾማቸው ግን ራሳቸው የተገቡ ከሆኑ በእርሱ በደል አይጎዱ ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ነው የያዘው። ሥራው ይጸናል፤ ሠሪው ይወርዳል።

የሥነ ሥርዓት ፋይል

"ጌታ እየተጠቀመበት ነው፣ ሰው እየዳነ ነው፣ እንዴት ታግዱታላችሁ" ለሚሉትም መልሱ ይኸው ነው። ፍሬው የሰውየውን ብቃት አያረጋግጥም።

አንቀጽ

ከሕጉ በኩል ባጭሩ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም አንቀጽ 626፣ ከ13 በታች 627 ነው። እዚህ ላይ ማስማማት የሚባል የለም። ጉዳዩ ለፖሊስ ይነገራል፣ ልጅቷ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትወሰዳለች፣ ልብሷ አይታጠብም። ሽማግሌዎች "እስኪ እኛ እናጣራ" ብለው በቆዩ ቁጥር ማስረጃው ይጠፋል። እንደ አስተማሪ፣ ጠባቂ፣ አሠሪ ባለ ሥልጣን ወይም በሴቲቱ ችግር ተጠቅሞ የሚፈጸም ደግሞ በ625 ይታያል፤ መጋቢና ምክር ፈላጊ ከዚህ አይርቁም። በአዋቂዎች ፈቃድ የሆነ ዝሙት 652 ሲሆን የሚከሰሰው የተበደለው የትዳር ጓደኛ ሲያመለክት ነው። አደራ ገንዘብ ማጉደል 675።

መሸኛውን በተመለከተ ሽማግሌ ሁሉ የሚፈራው ስም ማጥፋትን ነው፣ 613። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን መዋሸት አይደለም። ያመነውን ብቻ ጻፉ። ከመጀመሪያው ቀን "ወደፊት ለሚጠይቅ ማንኛውም አጥቢያ የተፈጸመው ውሳኔ እንዲገለጽ ተስማምቻለሁ" የሚል አስፈርሙት። ደብዳቤው ለጠየቀችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ ይላክ፤ በራሱ እጅ አይሂድ።

ከሸገር

የውጭውን ልምድ ልጨምር፣ ሁሉም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ሰባኪ ጂሚ ስዋጋርት በ1988 በሥነ ምግባር ጥፋት ሲጋለጥ የሉዊዚያና ቀጠና ሦስት ወር ብቻ ከመድረክ ራቅ አለው። የቤተ እምነቱ፣ የአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ፣ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ደግሞ አንድ ዓመት ከመድረክ መራቅን በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ጠየቀ። እምቢ አለ፤ ሹመቱን ገፈፉት፤ እርሱ በሦስት ወሩ ወደ ራሱ መድረክ ተመለሰ። በ1991 እንደገና በዚያው ነገር ተገኘ። የቅርቡ ሰው ሲራራ የሩቁ ያየውን ልብ በሉ።

በተቃራኒው ሌላው አሜሪካዊ አገልጋይ ጎርደን ማክዶናልድ በ1987 የኢንተርቫርሲቲ (የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፣ በሽማግሌዎች ሥር ሆነ፣ በ1988 በአደባባይ ተመለሰ፤ ኋላም ለዓመታት መጋቢ ሆኖ አገለገለ። ጊዜው ስዋጋርት ከተጠየቀው አንድ ዓመት አልረዘመም። ልዩነቱ ፍጻሜውን የወሰነው ራሱ አለመሆኑ ነው።

የታወቀውን ወንጌላዊ ራቪ ዘካርያስን ደግሞ እዩ። በ2017 ክስ ሲነሣ የገዛ ድርጅቱ ከጎኑ ቆመ። እውነቱ የወጣው በ2020 ከሞተ በኋላ በውጭ የሕግ ድርጅት ምርመራ፣ በየካቲት 2021 ነው። ስለዚህ ከሦስቱ መርማሪ አንዱ ከሌላ ከተማ ይሁን የተባለው ለጌጥ አይደለም።

ምሕረት ይብዛ

የማክዶናልዱን ምሳሌ ስላመጣህ አመሰግናለሁ። እንግዲህ መመለስ ይቻላል ማለት ነው። የኔ ጥያቄ የሚሆነው፣ "ሁለት ዓመት" የሚባለው ከየት መጣ? መጽሐፍ ቁጥር አልሰጠም።

የሥነ ሥርዓት ፋይል

አልሰጠም፣ ትክክል ነህ። ሁለት ዓመት ዝቅተኛው መጠበቂያ ነው፤ ሲሞላ በራሱ የሚከፈት በር አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አያሳይም፤ ሁሉም ያለቅሳል። የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ሰው ሲረሳውና እንግዳ መጋቢ በእርሱ ቦታ ሲመሰገን። ያኔ አግዳሚ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይስ ሰው እየሰበሰበ ቤቱ "ጸሎት" ይጀምራል?

ክትትሉ ለስድስት ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን፤ ሁለት ሰው ይይዘው፣ እያንዳንዱ ስብሰባ ግማሽ ገጽ ይጻፍበት። በዚህ ጊዜ ሌላ ከተማ ሄዶ መስበክም እገዳውን መጣስ ነው። ባሕር ዳር ታግዶ አዲስ አበባ ኮንፈረንስ ላይ የሚቆም ሰው አልታገደም። ሹመቱን የሰጠው የቤተ እምነቱ ማዕከል ከሆነ እገዳው ለማዕከሉ በጽሑፍ ይድረስ።

ከተመለሰ ደግሞ በደንገል መንገድ ነው የማየው። መጀመሪያ ከመድረክ ውጭ ያለ ሥራ፦ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ሕሙማንን ከሌላ ሰው ጋር መጠየቅ፣ ወጣት አገልጋዮችን በቡድን ማስተማር። ለብዙዎቹ መጨረሻውም እዚያ ቢሆን ምንም አይጎድላቸውም። ወደ ስብከት የሚያልፍ ካለ በሽማግሌዎች ሙሉ ድምፅ፣ በቡድን ውስጥ፣ ዋና መጋቢ ሳይሆን፣ ሴት ለብቻዋ ሳያማክር፣ የባንክ ፊርማ ሳይይዝ። ይህ ሁሉ ዕድሜ ልክ ነው። "ይህ ውርደት ነው" ካለ ገና አልደረሰም።

ቁርጥ ያለ

ዋና መጋቢ ሳይሆን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ… ያንን ያህል አልቃወምም። "ተመለሰ" ብላችሁ ግን አታውጁት።

ድልድይ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከተባለው ተነሥቼ ረቂቅ ይኸውላችሁ፣ አርሙት፦

"ለእገሌ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች። መጋቢ እገሌ ከ… እስከ … በአጥቢያችን አገልግሏል። በ… ቀን በቃለ ጉባኤ ቁጥር … ባመነው የሥነ ምግባር ጥፋት ምክንያት ከአገልግሎት ታግዷል። እገዳው እስከዚህ ደብዳቤ ቀን አልተነሣም። ይህን እንድንገልጽ የፈረመበት ስምምነት ቅጂ ተያይዟል። በአባልነት እንድትቀበሉት እንጠይቃለን፤ አገልግሎት እንዳትሰጡት እናሳስባለን። ለማብራሪያ በዚህ ስልክ ደውሉ።"

ቤዛዊት

"የሥነ ምግባር ጥፋት" ብቻ ከተባለ ሲጃራም ያጨሰ ይመስላል። ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ወጣት ሴቶችን የሚያሰለጥን ክፍል ላይ ልታስቀምጠው ትችላለች። "በአገልግሎት ሥልጣን በመጠቀም" የሚለው ሐረግ፣ ካለበት፣ ይግባ። ስሟ ግን በተያያዘው ስምምነት ላይ እንዳይኖር አረጋግጡ።

አንቀጽ

ይስማማኛል፣ አምኖ የፈረመበት ከሆነ። ካላመነና በምስክር ብቻ ከተወሰነ "ባመነው" የሚለውን ቃል አውጡና "በሽማግሌዎች ምርመራ በተረጋገጠ" በሉ። ስልክም የአንድ ሰው አይሁን፤ ሽማግሌ ይቀየራል። የሁለት ይሁን።

ገንዘብ ያዥ

ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ማዕከል። ደግሞ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ እዩ። ርክክቡ ካልተደረገ ማኅተሙ አሁንም ታጋጁ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የራሱን መሸኛ ራሱ ጽፎ ይመታበታል።

ድልድይ ማዶ

ነገ ጠዋት ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱንም አስገባለሁ፤ ማኅተሙንና የስልኩን። የማዕከሉን ቅጂ የሚቀበል ክፍል የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።